ለጣና ዳር ሕዝባዊ ዝግጅት የትኛው ስልጠና ይበጃል?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር በአንድ ክፍለ ከተማ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ነኝ። ከተማ አስተዳደሩ ወጪውን የሚሸፍነው የሁለት ቀን ሕዝባዊ ዝግጅት በጥር ወር ሐይቁ ዳር ልናካሂድ አስበናል። ሙዚቃ፣ የምግብና የዕደ ጥበብ ባዛር፣ የታንኳ ውድድር ይኖረዋል። አንድ አማካሪ ድርጅት ለ40 ሠራተኞች በሆቴል አዳራሽ የሦስት ቀን የኢቨንት ማኔጅመንት ስልጠና ሰጥቶ ሰርተፍኬት ሊያድል ሐሳብ አቅርቧል። አንዳንድ አለቆቻችን ደግሞ ‹ፖሊስ ይይዘዋል፤ ስልጠናው ትርፍ ወጪ ነው› ይላሉ። ስልጠናው ያስፈልገናል? ካስፈለገን የትኛው?»

ምላሽ፦

ስልጠናው ያስፈልጋችኋል። የቀረበላችሁን ግን እንዳለ አትቀበሉት። በአዳራሽ የሚሰጥ የሦስት ቀን የኢቨንት ማኔጅመንት ስልጠና አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ስፖንሰር በማፈላለግ፣ በእንግዳ አቀባበል፣ በመድረክ ማስዋብና በፕሮቶኮል ላይ ነው። ለጉባኤና ለምረቃ በዓል ይህ ይጠቅማል። ትኬት በማይቆረጥበት፣ አንድ ወገኑ ውሃ በሆነ ሜዳ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ለሚጠራ ከተማ ግን ዋናው ትምህርት ሌላ ነው፤ ቦታው ስንት ሰው ይበቃዋል፣ ሕዝቡ በየት ይገባል፣ በየት ይወጣል፣ ነገር ሲበላሽስ ዝግጅቱን ማን ያቆማል።

«ፖሊስ ይይዘዋል» የሚለው አስተያየት ጸጥታንና ደኅንነትን ያምታታል። ጸጥታ «ክፉ ያሰበ ሰው አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ የፖሊስ ሥራ ነው። ደኅንነት ደግሞ «ማንም ክፉ ሳያስብ ሰው እንዴት ሊጎዳ ይችላል?» ይላል፤ የዚህ መልስ የአዘጋጁ ዕዳ ነው። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር፣ በጥምቀተ ባሕሩ፣ ተመልካች የወጣበት የእንጨት እርከን ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎች ቆስለዋል። እርከኑ ሲደረመስ አጥቂ አልነበረም፤ የፖሊስ ቁጥር ቢጨመርም እንጨት አይጠነክርም። እንዲህ ያለውን አደጋ የሚከላከለው ፍተሻ የሰው ኪስ ፍተሻ ሳይሆን የእንጨቱ መገጣጠሚያ ፍተሻ ነው። የቆመ ሕዝብ የሚሸከም እርከን በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ግራም ያህል እንዲችል ተደርጎ ይሠራል። ሕዝቡ በዘፈን ምት ሲዘል ደግሞ ጭነቱ ወደ ጎንም ይገፋል። ከባሕር ዛፍ አጠና ተሠርቶ በሚስማር ብቻ የተያያዘ እርከን ወደ ታች ያለውን ክብደት ቢችልም ሰያፍ ማጠናከሪያ ከሌለው ወደ ጎን ለሚመጣው ይረታል፤ በእያንዳንዱ ዝላይ ሚስማሩ ጥቂት ጥቂት እየወጣ ይሄዳል። መሐንዲስ አይቶ ያልፈረመበት እርከን ላይ ማንም አይውጣ። መሐንዲስ ካልተገኘ እርከኑ ይቅር፤ ሕዝቡ መሬት ላይ ቆሞ ይመልከት።

«ሕዝብ የሚጎዳው ደንግጦ ሲሮጥ ነው» የሚለው የተለመደ አባባልም ሊታረም ይገባል። በግፊያ አደጋ አብዛኛው ሰው የሚሞተው ተረግጦ ሳይሆን ቆሞ ታፍኖ ነው፤ ደረቱ አየር ለመሳብ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። በካሬ ሜትር 2 ሰው ሲቆም እንደ ልብ መንቀሳቀስ ይቻላል። 4 ሲሆን ማለፍ ይቸግራል፤ ከ5 ካለፈ አደጋ አለ። ወደ 7 ሲጠጋ ሕዝቡ እንደ ውሃ ይሆናል፤ ከአንዱ ጫፍ የተነሳው ግፊት እንደ ማዕበል ሌላው ጫፍ ይደርሳል፣ ሰውም ሳይፈልግ እግሩ ከመሬት ይነሳል። ከኋላ ያለው የሚገፋው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከፊት ያለው እየታፈነ መሆኑን ስለማያይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመኗ ዱይስቡርግ መግቢያና መውጫው አንድ መተላለፊያ በሆነበት የሙዚቃ ዝግጅት 21 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2022 በሴኡል አንዲት ጠባብ ተዳፋት መንገድ ላይ 159 ሰዎች አለቁ። ሁለቱም አደጋ የደረሰው ፖሊስ ባለበት ከተማ ነው።

አሁን ወደ ሜዳችሁ። 60 ሜትር በ40 ሜትር የሆነ የሐይቅ ዳር ቦታ አላችሁ እንበል፤ 2,400 ካሬ ሜትር ነው። መድረኩ፣ ከመድረኩ ፊት የሚተወው ክፍት ቦታ፣ የባዛር ድንኳኖቹ፣ የአምቡላንስ መስመሩ፣ ከውሃው ዳር የሚለቀቀው 3 ሜትር ሲቀነስ 1,700 ያህል ይቀራል። በካሬ ሜትር 2 ሰው ከተባለ 3,400 ሰው ይሆናል። ኮሚቴዎች አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ጥፋቱም እዚህ ይጀምራል፤ መውጫው አልተሰላምና። የእንግሊዝ የስታዲየም ደረጃ ደልዳላ መሬት ላይ በአንድ ሜትር የበር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው ያልፋል ብሎ ያሰላል፤ ቦታው በ8 ደቂቃ ውስጥ ባዶ እንዲሆን ይፈለጋል። በአጥራችሁ ላይ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜትር የሆኑ ሁለት በሮች ብቻ ካሉ አንዱ እንደተዘጋ ቆጥራችሁ አስሉ፤ እሳቱ ወይም ጠቡ የሚነሳው ከአንዱ በር አጠገብ ሊሆን ይችላልና። 1.5 በ82፣ እንደገና በ8 ሲባዛ 984 ነው። ለ3,400 ይበቃል የተባለው ሜዳ አቅሙ 984 ሰው ሆነ ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 4 ሜትር የሆኑ ሦስት መውጫዎች ከከፈታችሁ ግን አንዱ ቢዘጋ እንኳ ሁለቱ በ8 ደቂቃ 5,248 ሰው ያሳልፋሉ፤ ያን ጊዜ ጣሪያችሁ 3,400 ይሆናል። ምንጊዜም የሚሠራው ከሁለቱ ቁጥሮች ትንሹ ነው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ዝግጅቱ እስኪያልቅ ሰንሰለትና ቁልፍ አይንጠልጠልበት። ይህን ሒሳብ ሜትር ይዞ፣ ሜዳው ላይ ቆሞ የማያሠራችሁ አሰልጣኝ ለሥራችሁ አይሆንም።

መግቢያውም ሒሳብ አለው። አንድ ፈታሽ ለአንድ ሰው 10 ሰከንድ ቢወስድ በሰዓት 360 ሰው ያሳልፋል፤ ቦርሳና የታዘለ ሕፃን ሲታከል 300 ብላችሁ ያዙ። 3,400 ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ለማስገባት 8 የፍተሻ መስመር ያስፈልጋል፤ ግማሹ በሴት ፈታሾች። በሁለት መስመር ከጀመራችሁ በዚያው ጊዜ የሚገባው 900 ሰው ነው፤ የቀረው 2,500 በሩ ላይ ተከማችቶ ይቆያል። ታዋቂው ዘፋኝ ድምፁን ሲያሰማ ያ ሁሉ ሰው ወደ በሩ ይገፋል። ሜዳው ውስጥ ቦታ እያለ ግፊያው ከበሩ ውጭ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። የፍተሻ ሰልፉ መታጠፊያ ያለው ገመድ ይዘርጋለት፤ ዋናው ዘፋኝም ሰልፉ ሳያልቅ መድረክ አይውጣ።

ሐይቁ ዳር መሆናችሁ ደግሞ የራሱን ጣጣ ያመጣል። ከሰዓት በኋላ የብሱ ከውሃው ይበልጥ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነፍሳል፤ ፊቱን ወይም ጀርባውን ለውሃው የሰጠ መድረክ ይህን ነፋስ ደረቱን ሰጥቶ ይቀበላል። ከመድረኩ ጀርባ የሚሰቀለውን ባነር ውሰዱ። 6 ሜትር በ3 ሜትር ከሆነ 18 ካሬ ሜትር ነው። ነፋሱ በሰከንድ 15 ሜትር ሲደርስ ባነሩን የሚገፋው ኃይል 250 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ በሰከንድ 20 ሜትር ሲሆን ወደ 450 ይዘላል። የመድረክ ብረት ቢወድቅ፣ መድረኩ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ባነሩ እንደ ጀልባ ሸራ ሆኖበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነፋስ የሚያሳልፍ ወንፊት ጨርቅ ይሁን፣ ወይም አንድ ሰው በሁለት ደቂቃ ሊፈታው በሚችል ገመድ ይታሰር። ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ካስማ መትተው ይሄዳሉ፤ ጥቁር መረሬ አፈር ግን በክረምት ይላላል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ካስማ አይዝም። በየማዕዘኑ ውሃ የተሞላ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይታሰርበት፤ 200 ኪሎ ማለት ነው። ዝግጅቱን ወደ ግንቦት ወይም ወደ መስከረም ካዛወራችሁት መብረቅም ይታሰብ፤ ብልጭታው ታይቶ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በፊት ከተሰማ ሥራው ይቆማል፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይቀጥልም።

የታንኳ ውድድሩ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ ይጠናቀቅ። ዋና የሚችለውም የማይችለውም ቀዛፊ ሁሉ ሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ፤ በቁጥር ወጥቶ በቁጥር ይመለስ። ከውድድሩ መስመር ሁለት የሞተር ጀልባዎች አይለዩ፤ ጠዋት ላይ ግን መስመሩ ከእምቦጭ ነጻ መሆኑ ይረጋገጥ፤ እምቦጭ የሞተሩን ማዞሪያ ጠምጥሞ ያቆመዋልና። ወደ ዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ውድድሩ ከዚያ ይራቅ። ዳር ላይ ያለው ተመልካች ግን ከቀዛፊው የበለጠ ያሳስባል። ታንኳዎቹ ሲቃረቡ ሕዝቡ ወደ ድንጋዩ ጠርዝ ይገፋል፤ የመጀመሪያው ረድፍ መሄጃ የለውም። የፍጻሜው መስመር ከሕዝቡ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን በኩል ይሁን። ከጠርዙ 3 ሜትር ገባ ብሎ አጥር ይቁም፤ በየ50 ሜትሩ 20 ሜትር ገመድ የታሰረበት የመንሳፈፊያ ቀለበት የያዘ አስተናባሪ ይመደብ።

ምሽት ላይ የሚደጋገም አንድ ስሕተት አለ። የመድረኩ መብራት፣ ድምፁና የመተላለፊያው አምፖል ከአንድ ጄኔሬተር ይቀጠላሉ። ዝግጅቱ አልቆ ባለሙያው ዕቃውን ለመጠቅለል ሞተሩን ሲያጠፋ ሕዝቡ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ጨለማው የሚወርደው ሰው በብዛት በሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። የመውጫ መብራቶች የራሳቸው ጄኔሬተር ይኑራቸው፤ የሚጠፋውም የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላ፣ በአንድ ኃላፊ ትእዛዝ ብቻ ይሁን። ከበሩ ውጭ ደግሞ ባጃጆች ለገበያ ተኮልኩለው መውጫውን ይደፍናሉ። ከበሩ ቢያንስ 50 ሜትር ርቆ መጫኛ ይወሰንላቸው፤ የትራፊክ ፖሊስ ስምምነትም ቀድሞ በደብዳቤ ይያዝ። የሰዓት ገደብ ካለ የመዝጊያው ሰዓት ከገደቡ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይወሰን፤ ሰው ቤቱ እስኪደርስ ያለው ጊዜ በሒሳቡ ይግባ።

ሌላም ስሕተት አለ። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 የተጠቀሰውን 48 ሰዓት ብዙ ሰው እንደ ዝግጅት ጊዜ ይወስደዋል። አዋጁ ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ስለ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ነው፤ 48ቱ ሰዓትም የማሳወቂያ ጊዜ ነው። ይህን ለሚያህል ዝግጅት ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል፤ ለጥር የታሰበ ሥራ በመስከረም መጨረሻ ካልተጀመረ ስልጠናው ለወግ ብቻ ይሆናል።

የስልጠና አማራጮቹን በተመለከተ፦ የአሜሪካ ፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ፣ ፌማ የሚባለው፣ ለልዩ ዝግጅቶች የአደጋ ዕቅድ የተዘጋጀ የኢንተርኔት ኮርስ አለው። እንግሊዝኛ ለሚያነብ አስተባባሪ ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን ምሳሌውም ተቋሙም የአሜሪካ ነው። ከዚያ የሚወሰደው ትልቁ ቁም ነገር የዕዝ ሥርዓቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ው የካሊፎርኒያ የደን ቃጠሎ በኋላ የተዘረጋ፣ አዛዥ አንድ የሆነበት፣ ከሥሩ ሥራ ማስፈጸም፣ ዕቅድ፣ ሎጂስቲክስና ፋይናንስ የሚዋቀሩበት፣ አንድ ኃላፊ ከ3 እስከ 7 ሰው ብቻ የሚመራበት አሠራር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ብዙኃን ስብሰባ ጤና ያዘጋጃቸው መመሪያዎች ለጤና መምሪያ ባለሙያዎቻችሁ ይጠቅማሉ። እነዚህ ሁለቱ ዕውቀት ይሰጣሉ፤ ሜዳችሁን ግን አያውቁትም። በቅርባችሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራርና የምግብ ዋስትና ጥናት ተቋም አለው፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ያሠለጥናል። አማካሪ ድርጅቱን ከመቅጠራችሁ በፊት ሁለቱን በደብዳቤ ጠይቁ፤ ድርጅቱ ቢቀጠር እንኳ የስጋት ትንተናውና የመጀመሪያ እርዳታው ክፍል በእነርሱ ቢሰጥ ይመረጣል።

የማያወላውል ምክሬ ይህ ነው። 40 ሰው ለሦስት ቀን አዳራሽ ከምታስቀምጡ 12 ሰው ለአምስት ቀን አሠልጥኑ፤ ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ቀን ሜዳው ላይ ይሁን። አሥራ ሁለቱ ከባህልና ቱሪዝም፣ ከፖሊስ፣ ከጤና፣ ከእሳትና አደጋ፣ ከከተማው መሐንዲሶች፣ ከትራንስፖርት፣ ከጀልባ ባለንብረቶችና ከክፍለ ከተማው ወጣቶች የሚውጣጡ፣ በዝግጅቱ ቀን በዚያው ኃላፊነት ላይ የሚቆሙ ይሁኑ። አበል ለማግኘት የተላከ፣ በዝግጅቱ ዕለት የማይገኝ ሰው ቦታ ይይዛል እንጂ አይጠቅምም። የስልጠናው ውጤት ሰርተፍኬት ሳይሆን ሰልጣኞቹ ራሳቸው የጻፉት የዝግጅት ዕቅድ መሆን አለበት፤ በሜትር የተለካ የቦታ ንድፍ፣ የሰው ጣሪያ ቁጥር፣ የስጋት ሠንጠረዥ፣ የዕዝ ሰንሰለት፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚወስደው የአምቡላንስ መንገድ ያለበት። መንገዱ የዓባይን ድልድይ የሚሻገር ከሆነ ድልድዩ በምን ሰዓት እንደሚጨናነቅ ይጻፍበት።

አራተኛው ቀን ሙሉውን ለጠረጴዛ ላይ ልምምድ ይሰጥ። ንድፉ ይዘረጋል፤ አሰልጣኙ በየ10 ደቂቃው ችግር ይወረውራል፦ አንድ ሕፃን ጠፋ፣ ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ከመድረኩ ፊት ሰው ወደቀ፣ አንድ ጄኔሬተር ነደደ። እዚህ ላይ አብዛኛው ቡድን የሚሰናከለው በዕውቀት ሳይሆን በሥልጣን ነው፤ ዘፈኑን ለማቆም የበላይ ኃላፊ ይፈለጋል፣ ኃላፊው ስልክ አያነሳም፣ ደቂቃው ያልፋል። የታፈነ ሰው ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከንቲባውን ሳይጠይቅ ዝግጅቱን ማቆም የሚችል አንድ ሰው በስሙ፣ በጽሑፍ፣ በከተማ አስተዳደሩ ማኅተም ይወከል። ከድምፅ ባለሙያው ጋርም ይተዋወቅ። የማቆሚያው ቃል አስቀድሞ ተጽፎ ከማይክራፎኑ አጠገብ ይቀመጥ፤ መብራቱ ይጨመራል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ከዚያ እንዲህ ይባላል፦ «ውድ ታዳሚያን፣ ለአጭር ጊዜ አቁመናል። በመጀመሪያ ከኋላ ያላችሁ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። አሁን መሐል ያላችሁ። የወደቀ ሰው ያየ እጁን ያንሳ።» ትእዛዙ ከኋላ መጀመር አለበት፤ የፊተኛውን «ተመለስ» ቢሉት መመለሻ የለውም። «አትደንግጡ» የሚል ቃል ደግሞ አይነገር፤ ያልደነገጠውን ያስደነግጣል።

አስተናባሪዎቹ አምስት ቀን አያስፈልጋቸውም። በጥምቀት ታቦት የሚያጅቡት፣ ምንጣፍ የሚያነጥፉትና ገመድ የሚይዙት ወጣቶች ሕዝብን በአክብሮት መያዝን ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ፤ ከእነርሱ መልምሉ። ዝግጅቱ ሁለት ቀን ሲቀረው በቦታው ላይ የ4 ሰዓት ስልጠና ይበቃል። እያንዳንዱ የሚቆምበትን ቦታ፣ ቅርብ መውጫውን፣ የሚነግረውን አለቃና የጠፋ ልጅ የሚወሰድበትን ድንኳን ማወቅ አለበት። ለተረጋጋ ዝግጅት በ250 ሰው አንድ፣ ወጣት ለበዛበት የሙዚቃ ምሽት በ100 ሰው አንድ አስተናባሪ ብላችሁ ጀምሩ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ አይመደብ። ስልክ በተጨናነቀ ኔትወርክ ስለማይሠራ አለቆቹ የእጅ ሬዲዮ ይያዙ፤ ሬዲዮ ከጠፋ ሯጭ ይመደብ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በየባጃቸው ጀርባ ይታተም፤ አንድ አምቡላንስ ግን በ4 ሜትር ክፍት መስመር ሜዳው ላይ ቆሞ ይዋል።

ስልጠናው የማይችለውንም እወቁ። መሐንዲስን አይተካም። ሦስት ወገኑ የተዘጋ ቦታን አይከፍትም፤ ቦታው የማይሆን ከሆነ ትክክለኛው የስልጠና ውጤት «ቦታ ቀይሩ» የሚል ነው፤ አለቆቻችሁም ይህን ለመስማት ይዘጋጁ። በከተማው ያለውን የጸጥታ ሁኔታ መመዘንም የሰልጣኞቹ ሥራ አይደለም፤ ፖሊስ በጽሑፍ አስተያየት ይስጥበት፤ አስተያየቱ «አይሆንም» ከሆነ ዝግጅቱ ይተላለፍ።

አማካሪ ድርጅቱን ከቀጠራችሁ ቢጋሩ (የሚሠራው ሥራ የሚዘረዘርበት ሰነድ) ላይ የሰልጣኝ ብዛት ሳይሆን ውጤቱ ይጻፍ፦ የተፈረመ የቦታ ንድፍ፣ የተሠራ ልምምድ፣ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሰው በሚገኝበት አነስተኛ የቀበሌ ዝግጅት ላይ የተፈተነ ዕቅድ። ክፍያው በሦስት ይከፈል፤ የመጨረሻው ሢሶ የሚለቀቀው ከትንሹ ሙከራ በኋላ የታየው ጉድለት ተጽፎ ዕቅዱ ሲታረም ነው።